ንጉሡ የት ከረመ?

አማርኛ ተናጋሪ ሰው ከተለየው ዘመዱ ጋር ብዙ ቆይቶ ሲገናኝ «እንዴት ከረማችሁ?» ይላል። ጥር ላይ ቢሆን፣ ሚያዝያ ላይ ቢሆን ጥያቄው ያው ነው። ቃሉ ግን ከክረምት ጋር ነው የተቆራኘው። መክረም ማለት ዝናቡን አንድ ቦታ ተቀምጦ ማሳለፍ ነው። «ለከርሞ በሰላም ያድርሰን» ስንልም የሚመጣውን ዓመት የምንቆጥረው በሚመጣው ዝናብ ነው።

የድሮዎቹ ዜና መዋዕል ጸሐፊዎች የሚቆጥሩትም እንዲሁ ነው። በተለይ አጫጭሮቹን ዜና መዋዕሎች ብትከፍቱ፣ ንጉሡ በዚህ ዓመት እዚህ ከረመ፣ በሚቀጥለው እዚያ ከረመ እያሉ ይወርዳሉ። አንዳንዴ ስለ አንድ ሙሉ ዓመት የተጻፈው ከዚያ ብዙም አይዘልም። ሲያዩት አሰልቺ ዝርዝር ነው። ለእኔ ግን በእነዚያ መጻሕፍት ውስጥ እንደዚህች አጭር ዓረፍተ ነገር ብዙ የምትናገር የለችም። ምክንያቱም የምትነግረን የአገሪቱ መንግሥት በዚያ ዓመት አድራሻው የት እንደነበር ነው። አድራሻው ደግሞ በየዓመቱ ይቀየር ነበር። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1270 ዙፋኑን ከያዘው ከይኩኖ አምላክ ጀምሮ ጎንደር እስከተቆረቆረችበት እስከ 1636 ድረስ፣ አብዛኞቹ ነገሥታት የኖሩት በድንኳን ነው። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ ያኔ ፎቅና አስፋልት ማለት አልነበረም፤ የጦር ሰፈር ማለት ነበር። ንጉሡ ሲከትም ሜዳው ከተማ ይሆናል፣ ሲነሣ ከተማው ተመልሶ ሜዳ ይሆናል። በጋውን ይዘምታሉ፣ ግብር ይሰበስባሉ፣ ይፈርዳሉ፣ የሸፈተ ካለ ይቀጣሉ። ሰኔ ሲቃረብ ግን አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ ድንኳኑ የት ይተከል?

ዛሬ አውሮፓ ውስጥ ካራቫን የሚሉት፣ በመኪና የሚጎተት ቤት ያላቸው ቤተሰቦች አሉ። እነሱም ተመሳሳይ ራስ ምታት አለባቸው። ቤቱን በየሳምንቱ መጨረሻ እየጎተቱ መዞር ይሰለቻል፤ ስለዚህ ለወቅቱ ወይም ለዓመቱ የሚከራዩት አንድ ቋሚ ቦታ ይፈልጋሉ። ውኃ ቅርብ የሆነበት፣ መሬቱ የማይጨቀይ፣ ጎረቤቱ የማያስቸግር፣ ኪራዩ የሚቻል። ብዙዎቹ ቦታዎች በብርዱ ወራት ስለሚዘጉ ክረምት ከበጋ የሚያኖር ማግኘት ቀላል አይደለም። በየዓመቱ የኪራይ ቤት የምንቀይር የአዲስ አበባ ልጆች ይህ ስሜት አይጠፋንም። እንግዲህ ይህንኑ ጥያቄ ውሰዱና በአንድ ቤተሰብ ፈንታ ሠራዊት፣ ካህናት፣ ዳኞች፣ ነጋዴዎች፣ ወጥ ቤቶች፣ ልጆችና በሺህ የሚቆጠር በቅሎ ጫኑበት።

ይህን ነገር እንድከታተል ያደረገኝ የእናቴ አገር ጋይንት ነው። ንፋስ መውጫ የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ናት፤ ከደብረ ታቦር ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ስሟን ያወጣላት ሰው ብዙ አላሰበም፤ እዚያ የቆመ ሰው ሌላ ስም አይመጣለትም። ከተማዋ ያለችበት ሸንተረር የውኃ መለያ ነው። በሰሜን በኩል የሚወርደው ዝናብ ወደ ተከዜ ይሄዳል፣ በደቡብ በኩል የሚወርደው ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ። በስተምዕራብ ከ4100 ሜትር በላይ የሆነው ጉና ቆሟል። በደቡብ ስማዳና እስቴ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳሉ። ከበጌምድር ወደ ወሎ በደጋ ለመሻገር የሚፈልግ ሰው ገደል ላለመግባት የሚመርጠው ይህንን ሸንተረር ነው። ማለትም ጋይንት አንገት ናት።

አንገት ላይ ይታለፋል እንጂ አይከረምም። ለምን እንደሆነ ለመረዳት መጀመሪያ ተጓዡ ከተማ ምን ያህል እንደነበር ማየት ያስፈልጋል።

የተሻለውን ምስል ያቆየልን ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ነው። በ1520 ከመልእክተኞች ጋር ምፅዋ ወርዶ እስከ 1526 በአገሪቱ ቆይቷል፤ የአፄ ልብነ ድንግልን ሰፈርም እየተከተለ ዞሯል። በሰፈሩ ውስጥ አምስት ስድስት ሺህ ድንኳን እንደማይጠፋ፣ የሚከተለው በቅሎም ከ50 ሺህ እንደማያንስ ጽፏል። ቁጥሩን ግማሹን ብንጥለው እንኳ ያኔ ከነበሩት የዓለም ከተሞች ከብዙዎቹ የማይተናነስ ሕዝብ ነው።

የሚገርመው ብዛቱ ሳይሆን ሥርዓቱ ነው። የንጉሡ ድንኳን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይተከላል። ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም «የት ልትከል?» ብሎ አይጠይቅም። የቀኝ ብሕትወደድ በቀኝ፣ የግራ ብሕትወደድ በግራ። አብያተ ክርስቲያናቱ በድንኳን ሆነው ለንጉሡ ቅርብ፤ ዳኞቹ የሚሰየሙበት ሰቀላ ከፊት ለፊት። ወጥ ቤቱ ከንጉሡ ርቆ፣ በቀኝና በግራ ተከፍሎ። መኳንንቱ በየማዕረጋቸው፣ ሎሌዎቻቸው በየጌታቸው ዙሪያ፣ አንጥረኛውና ጠጅ ሻጩ ወደ ዳር፣ ገበያው ከሁሉም ራቅ ብሎ። ታቦታቱ በካህናት ትከሻ ይጓዛሉ። ትናንት ከዚህ አንድ ቀን መንገድ ርቆ የነበረው ከተማ ዛሬ እዚህ፣ ጎረቤት ሳይቀየር፣ መንገዱ ሳይጠፋ ይገኛል።

እኔ የሶፍትዌር ሠራተኛ ስለሆንኩ ይሆናል ይህ ክፍል ሁልጊዜ ፈገግ የሚያሰኘኝ። እኛም አንድን ፕሮግራም ከአንድ ማሽን ወደ ሌላ ስናዛውር እንዳይበላሽ የምናደርገው በዚሁ ዘዴ ነው፦ የሁሉም ነገር አድራሻ ከአንድ መነሻ ነጥብ ብቻ ይለካል፤ መነሻው ሲንቀሳቀስ ሌላው ሁሉ ይከተለዋል። ልዩነቱ የእኛ ፕሮግራም ማገዶ አይፈጅም።

ማገዶ። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚቋጠረው።

ለክረምት የሚሆን ቦታ ብዙ ነገር ይጠይቃል። ወንዝ ሲሞላ የማይቆርጠው፣ ግን ውኃ ያለው። በጣም ቆላ ከሆነ ወባ ይፈጀዋል፤ በጣም ደጋ ከሆነ በቅሎውን ብርድ፣ ሰውን ረኃብ ይገድለዋል፣ ምክንያቱም ከገብስ በቀር ብዙ አይበቅልበትም። ሣር ሊኖረው ይገባል። ጠላት ድንገት የማይደርስበት መሆን አለበት። የጤፍ አገር ቅርብ ቢሆን ይመረጣል። በዚህ መለኪያ ንፋስ መውጫ ገና ከመጀመሪያው ትወድቃለች፤ እናቴ ይህን ስነግራት «እኛስ ስንኖርባት ሰው አይደለንም?» አለችኝ። ልክ ናት። ገበሬው ግን የሚኖረው ተበትኖ ነው፣ እያንዳንዱ በየእርሻው ዳር። ሠላሳ ሺህ ሰው አንድ ሜዳ ላይ ሲሰፍር ሌላ ነገር ነው።

ትንሽ ስሌት እንሥራ፤ ግምት ነው፣ ማስረጃ አይደለም። አንድ ሰው በቀን አንድ ኪሎ እንጨት ብቻ ይበቃዋል እንበል፤ ለእንጀራው፣ ለወጡ፣ ለመሞቂያው። ሠላሳ ሺህ ሰው በመቶ ቀን ክረምት 30 ሺህ ኩንታል እንጨት ይፈጃል። ጠላና ጠጅ መጥመቂያው፣ የአንጥረኛው ከሰል፣ የድንኳን ካስማው፣ የአጥሩ እንጨት አልተቆጠረም። በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ቢከረም ለቃሚው ከትናንቱ ራቅ ብሎ ይሄዳል። በሦስተኛው ዓመት የግማሽ ቀን መንገድ። ያኔ ከእንጨቱ ዘንድ መሄድ እንጨቱን ከማምጣት ይቀልላል።

ይህን ያስተዋሉ ሰዎች ነበሩ። ከ1624 ጀምሮ በአገሪቱ የቆየው ኢየሱሳዊው ማኑኤል ደ አልሜዳ የነገሥታቱ ሰፈር ከቦታ ቦታ የሚዛወርበት አንዱ ምክንያት የማገዶ ማለቅ እንደሆነ ጽፏል። በዘመኑ የነበረው ንጉሥ አፄ ሱስንዮስ ነው፤ እሱም ከቆጋ ወደ ጎርጎራ፣ ከጎርጎራ ወደ ደንቀዝ ሲዛወር ነው የኖረው። ጎርጎራና ደንቀዝ የድንጋይ ግንብ ተሠርቶባቸው ነበር፤ ግንብ ተሠራ ማለት ግን ቋሚ ቦታ ተገኘ ማለት አልሆነም። ብዙ ቆይቶ በ1969 ሮናልድ ሆርቫት የተባለ የጂኦግራፊ ምሁር ስለ ኢትዮጵያ ተንከራታች መናገሻዎች ባሳተመው ጥናት ይህንን የእንጨትና የስንቅ ጉዳይ በሰፊው አንሥቶታል።

በመካከሉ አንድ ቦታ ላይ ለመቀመጥ የሞከሩ አሉ። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰማይ ላይ በታየ ብርሃን ምክንያት ደብረ ብርሃን ላይ ከተመና እስከ ሞተበት እስከ 1468 ከአሥር ዓመት በላይ እዚያው ቆየ። ልጁ በእደ ማርያም ግን ድንኳኑን ነቅሎ ወደ ቀድሞው ልማድ ተመለሰ። አፄ ሠርፀ ድንግል ወደ ጣና ቀርቦ እንፍራዝ አካባቢ ደጋግሞ ከረመ፤ የጉዛራ ግንብም የእሱ ሥራ እንደሆነ ይነገርለታል። እንግዲህ መክረሚያው ቀስ በቀስ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ሐይቁ ዳር፣ እህልና ንግድ ወደሚገናኙበት ወይና ደጋ እያዘነበለ መጥቶ በ1636 አፄ ፋሲል ጎንደርን ሲቆረቁር ረጋ። ጎንደርም ቢሆን የነገሥታቱ የዓመት ሙሉ ቤት አልነበረችም፤ በጋ ሲሆን ድንኳኑ ይወጣል፣ ክረምት ሲሆን ይመለሳል። ልዩነቱ አሁን የሚመለሱበት ቦታ አንድ መሆኑ ነው። ነጋዴው ይህን ካወቀ ሲራራውን ወደዚያ ያዞራል፣ ገበያው ንጉሡ ባይኖርም ይቆማል። ከተማ ማለት በአሁኑ ትርጉሙ ይህ ይመስለኛል፦ ባለቤቱ ሲወጣ የማይፈርስ ሰፈር።

እስካሁን የተናገርኩት ከድንኳኑ በኩል ሆኜ ነው። አሁን ከአስተናጋጁ በኩል እንየው፤ ዜና መዋዕሎቹ የማያዩት በዚያ በኩል ነውና።

ካራቫን ያለው የአውሮፓ ቤተሰብ ለቦታው ኪራይ ይከፍላል። በእኛ አገር ኪራዩን የሚከፍለው ባለቦታው ነበር። ንጉሥ ወይም ራስ የከረመበት አገር ድርጎ ያቀርባል፤ ወታደሩም በየገበሬው ቤት ይመራል። ይህ ተሰሪ ይባላል። ወታደሩ ገበሬው ቤት ይገባል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ከእሳቱ ዳር ጥሩውን ቦታ ይይዛል። ከሰኔ እስከ መስከረም። እነዚህ ወራት ደግሞ ለገበሬው የዓመቱ ቀጭን ወራት ናቸው፤ ያለፈው እህል አልቋል፣ አዲሱ ገና ማሳ ላይ ነው። ጎተራው ውስጥ ያለው ለዘርና ለልጆች የተያዘ ነው። ስለዚህ «ንጉሡ እዚህ ከረመ» የምትለዋ አጭር ዓረፍተ ነገር ከገበሬው በኩል ስትነበብ በዚያ ዓመት የማን ልጆች እንደተራቡ ትናገራለች። የማገዶው ማለቅና የጎተራው ማለቅ አንድ ላይ የሚሄዱ ነገሮች ናቸው፤ ፈረንጆቹ ማገዶውን አስበልጠው የጻፉት በዓይን ስለሚታይ ይመስለኛል።

ይህንን ዕዳ ለማስቀረት በግልጽ ከሞከሩት አንዱ፣ በኋላ ደግሞ በጣም ያከበደው፣ አፄ ቴዎድሮስ ነው። መጀመሪያ ላይ ወታደሩ ደሞዝ እንዲያገኝ፣ የሚበላውንም በገንዘቡ ገዝቶ እንጂ ከገበሬው ቀምቶ እንዳይበላ አዝዞ ነበር። ሐሳቡ ከዘመኑ የቀደመ ነው። ገንዘቡ ግን አልነበረም። አገሩ በየቦታው ሲሸፍት፣ ግብር የሚያስገባው ክፍል እየጠበበ ሲሄድ፣ ሠራዊቱን የሚመግበው አቅራቢያው ያለው በጌምድር ብቻ ሆነ።

በ1866 ሰፈሩ ጣና ዳር፣ ዘጌና ቆራጣ ላይ ነበር። ክረምቱ ሲገባ በሽታ ገባበት፤ ኮሌራ። ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ። ቴዎድሮስ ያደረገው ማንኛውም የሰፈር ሹም የሚያደርገውን ነው፦ ከሐይቁ ዳር ነቅሎ ወደ ደብረ ታቦር ደጋ ወጣ። ደብረ ታቦርን ራስ ጉግሣ ከቆረቆሯት ጀምሮ የየጁ ራሶች መቀመጫ ነበረች፤ ከፍታዋ መካከለኛ፣ አየሯ ደህና። ጥግ ላይ ያለችው ጋፋት ደግሞ የአውሮፓውያኑ ባለእጆች መንደር ነበረች፤ ሴባስቶፖል የተባለው፣ ክብደቱ 70 ኩንታል ገደማ የሆነ መድፍ የተቀለጠው እዚያ ነው።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ጎንደርን አቃጠለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ንጉሥ የሚመለስበትን ቦታ አያቃጥልም። የ1867ን ክረምት ደብረ ታቦር ላይ ከረመ። ሠራዊቱ በከዳተኛ ብዛት ተመናምኗል፤ የቀረው ደግሞ የሚበላ ፍለጋ በጌምድርን እየዞረ ይዘርፋል፤ ገበሬው እህሉን ጉድጓድ ውስጥ ደብቆ ይሸሻል ወይም ጦሩን ይዞ ይጠብቃል። ሁለተኛ ክረምት የሚያስከርም ነገር አልቀረም። ዝናቡ እንዳበቃ፣ በእኛ መስከረም 30 ቀን 1860፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 10 ቀን 1867፣ ደብረ ታቦርንም አቃጠለና ተነሣ።

እዚህ ላይ ነው ጋይንት ወደ ታሪኩ የምትገባው። የሚሄደው ወደ መቅደላ ነው፤ ተጓዡ ከተማም ሁሉ አብሮት ነው፤ ወታደር፣ ሴቶች፣ ልጆች፣ ባለእጆቹ ፈረንጆች ከነቤተሰባቸው፣ እስረኞች። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጋሪው ላይ የተጫነው ሴባስቶፖል። እስከዚያ ቀን ድረስ ተጓዡ ከተማ በመንኮራኩር ሄዶ አያውቅም፤ በበቅሎ ጀርባና በሰው ትከሻ ነበር የሚሄደው። በቅሎ የሚያልፍበት ሁሉ መንገድ ነበር። አሁን ግን ለጋሪ የሚሆን መንገድ አስፈለገ፤ መንገድ ደግሞ አልነበረም። ስለዚህ እየሠሩት ሄዱ። ጉናን ዞሮ፣ ዛሬ ንፋስ መውጫ ያለችበትን የጋይንት ደጋ ተሻግሮ፣ የጨጨሆን አስቸጋሪ መተላለፊያ አልፎ፣ በዘቢጥ፣ በቤተ ሖር፣ የጅዳን ሸለቆ ወርዶ፣ ደላንታ ወጥቶ፣ በሽሎን ወርዶ እንደገና ወጥቶ። አለቱ በባሩድ ይፈነዳል፣ ገደሉ በእጅ ይጠረባል፣ ድንጋዩን ከመንገድ ለማንሣት መጀመሪያ የሚያጎነብሰው ንጉሡ ራሱ እንደነበር አብረውት የነበሩት አውሮፓውያን መስክረዋል። መድፉን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር ይጎትቱታል።

አንድ ጤነኛ መንገደኛ በጥቂት ቀናት የሚጨርሰው መንገድ አምስት ወር ተኩል ገደማ ፈጀ። መቅደላ የደረሱት በማርች መጨረሻ 1868 ነው። ቀኖቹን ከክረምቱ ጋር ስታስተያዩአቸው የሚታየው ነገር አለ። የተነሣው ዝናቡ ባቆመ በሳምንታት ውስጥ ነው፤ የደረሰው ቀጣዩ ዝናብ ሊመጣ ሁለት ሦስት ወር ሲቀረው። በመካከል ጋይንት ወይም ዋድላ ላይ ክረምት ቢይዘው ኖሮ መድፉ ጭቃ ውስጥ፣ ሰፈሩ በጅዳና በበሽሎ ሙላት መካከል ታፍኖ ይቀር ነበር። መቅደላ ለእሱ ምሽግ ብቻ አልነበረችም፤ የቀረችው መክረሚያ እሷ ነበረች። እህሉ፣ ግምጃ ቤቱ፣ እስር ቤቱ እዚያ ነው። የሚመለስበትን ሁሉ አቃጥሎ፣ ከአንድ ጎድጓዳ ወንዝ ባሻገር ያለች አንዲት አምባ ቀረችው።

ሮበርት ናፒየርም የሚቆጥረው ያንኑ የቀን መቁጠሪያ ነበር። ከዙላ ተነሥቶ የመጣው የእንግሊዝ ጦር ዝናቡ ሳይይዘው ገብቶ መውጣት ነበረበት። በተለየ መንገድ፣ በላስታ በኩል ወርዶ ዋድላ ላይ ሲደርስ ግን አንድ ያልጠበቀው ስጦታ አገኘ፦ ቴዎድሮስ ለሴባስቶፖል ብሎ የጠረበውን መንገድ። ወደ ጅዳ ሸለቆ የወረዱት በዚያ ነው። መሐንዲሶቻቸው ሥራውን አድንቀዋል። አሮጌ ላይ ኤፕሪል 10 ተዋጉ፣ ኤፕሪል 13 ቴዎድሮስ ራሱን ገደለ፣ ሰኔ ላይ የእንግሊዝ ጦር መርከቡ ላይ ነበር። ዝናቡ አልያዘውም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ፈጠን ብዬ ልለፍ። አፄ ዮሐንስ ከመቀሌ ሌላ ደብረ ታቦርና አጠገቧ ያለችው ሰመራ ላይ ይሰፍሩ ነበር፤ እንግሊዛዊው ጎርደን በ1879 ሊያነጋግራቸው የመጣው ደብረ ታቦር ድረስ ነው። ዙፋኑ በድንኳን ውስጥ እንደሆነ በ1889 መተማ ላይ አለፉ።

ጥያቄው የተዘጋው ሸዋ ውስጥ ነው፤ እሱም በቀላሉ አልተዘጋም። ምኒልክ ከአንኮበር ተነሥተው በ1880ዎቹ መጀመሪያ እንጦጦ ላይ ከተሙ። እንጦጦ ከፍታዋ ከንፋስ መውጫ ጋር የሚቀራረብ ነው። ለጠላት አትመችም፤ ለነዋሪም አትመችም። ቁር፣ ጉም፣ ንፋስ፤ ስንቁ ሁሉ ዳገት ይወጣል፤ እንጨቱም ወዲያው ተመነጠረ። በ1886 እቴጌ ጣይቱ ከፍል ውኃው አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ አሉት። ያች አንገት ላይ የተቀመጠች የእናቴ ከተማ የማትሟላውን መለኪያ ሁሉ ይህ ሜዳ ያሟላ ነበር፤ ከአንዱ በቀር። አዲስ አበባም ከአሥር ዓመት በኋላ ማገዶዋን ጨረሰች። በዚያ ዘመን ልማድ መልሱ የታወቀ ነው፦ መንቀል። ምኒልክ ከምዕራብ በኩል ደን ያለበት ቦታ መርጠው አዲስ ዓለም ብለው ሰየሙት፣ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ፣ ከአዲስ አበባ የሚያገናኝ መንገድም ተጠረገ።

ያልተዛወሩበት ምክንያት ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በ1890ዎቹ ገባ፣ ተተከለ፣ በፍጥነት አደገ፣ ሲቆርጡት ከጉቶው እንደገና አቆጠቆጠ። ሰፈሩ ወደ እንጨቱ መሄዱ ቀርቶ እንጨቱ ወደ ሰፈሩ መጣ። ይህ ብዙ ጊዜ ይነገራል፤ ልክም ነው። እኔ ግን ሌላኛው ግማሽ ተረስቷል ባይ ነኝ። ክፉ ቀን በተባለው ረኃብ ማብቂያ፣ በ1892፣ ምኒልክ ወታደር ገበሬው ቤት እየተመራ መብላቱ እንዲቀርና በምትኩ ገበሬው ከምርቱ አሥራት እንዲያወጣ አወጁ። አፈጻጸሙ በየአገሩ ይለያይ ነበር፣ ገበሬውም ከሸክም ወጣ ማለት አይደለም። ግን የሒሳቡ አሠራር ተለወጠ። ሠራዊቱ እህሉ ወዳለበት መሄዱ ቀርቶ እህሉ ወደ ጎተራ፣ ጎተራው ወደ ሠራዊቱ መሄድ ጀመረ። ዛፉ የማገዶውን ጥያቄ መለሰ፣ አዋጁ የእህሉን። በ1917 ደግሞ ባቡሩ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ገባ፤ ከዚያ ወዲያ ከተማዋን ለመንቀል የሚበቃ ምክንያት አልተገኘም።

የሰፈሩ ቅርጽ ግን አልጠፋም። አዲስ አበባ ውስጥ መንደራችንን ሰፈር የምንለው በከንቱ አይደለም። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ተሰማ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር፤ እያንዳንዱ ሹም በንጉሡ ድንኳን ዙሪያ በማዕረጉ ልክ የተከለበት ቦታ ነው፣ ከነሎሌዎቹ፣ ከነባለእጆቹ። አልቫሬስ ቢነሣና የምኒልክን ግቢ መሐል አድርጎ ቢዞር መንገዱ የሚጠፋው አይመስለኝም። ድንኳኑ ጭቃ ቤት ሆነ፣ ጭቃ ቤቱ ቆርቆሮ ለበሰ፣ አሁን ደግሞ እየፈረሰ ፎቅ እየሆነ ነው።

አዲስ ዓለም ላይ የተጀመረው ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ቀረ፤ ዛሬም የአዲስ ዓለም ማርያም ናት። ጋይንት ላይ ደግሞ ባሕር ዛፉ ደረሰ። ከደብረ ታቦር ጉናን ዞራችሁ ስትመጡ ከመንገዱ ግራና ቀኝ፣ በየገበሬው ደጃፍ፣ ረድፍ ረድፉን ቆሞ ታዩታላችሁ። መንገዱን የሠሩት ቻይናዎች ናቸው፣ በደርግ ዘመን፤ ሰው አሁንም የቻይና መንገድ ይለዋል። አቅጣጫው ከቴዎድሮስ ብዙ አይርቅም፣ ያው ሸንተረሩን ይዞ ነው ወደ ጨጨሆ የሚሄደው። ንፋስ መውጫ ላይ የሚቆም አውቶቡስ ተሳፋሪውን ሻይ አጠጥቶ ይነሣል። እዚያ የሚያድር ጥቂት ነው።